«አሥራ ሁለት ቮልት አይገድልም»
በአንድ መኪና ውስጥ ብዙ አምፕሊፋየሮችን ስለ ማገናኘት፤ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር




በመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይገድልም» የሚል ነው። አነጋገሩ መሠረት የለሽ አይደለም። ደረቅ እጅ የባትሪን ሁለት ጫፎች ቢነካ ምንም አይሰማውም፤ የደረቅ ቆዳ ሬዚስታንስ በሺህ የሚቈጠር ኦም ስለሆነ በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን ግማሽ እውነት የሆነ አነጋገር ብዙ ጊዜ ከሙሉ ሐሰት ይበልጥ ያሳስታል።

የቀረው ግማሽ እንዲህ ነው። አንድ ዓይነት ኃይል በዝቅተኛ ቮልት ለማስተላለፍ ሲፈለግ ጅረቱ በዚያው መጠን መብዛት አለበት። በቤት ውስጥ በ220 ቮልት 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ 4.5 አምፔር ያህል ብቻ ይስባል። ይኸው 1,000 ዋት በመኪና ውስጥ በ13.8 ቮልት ሲወሰድ ከ72 አምፔር በላይ ይሆናል፤ ይኸውም 16 እጥፍ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የጅረቱን ስኩዌር ስለሚከተል፣ በዚያው ሽቦ ላይ ሙቀቱ 256 እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም ቮልቱ የሰውን አካል ባይነካ ጅረቱ ሽቦን ያግላል፤ የጋለ ሽቦ ምንጣፍን ያቀጣጥላል፤ ምንጣፉም ያለው በተሳፋሪ እግር ሥር ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ የተዘነጋ ግማሽ በአንድ ግልጽ ምሳሌ ማሳየት ነው። ምሳሌውም ከአንድ በላይ አምፕሊፋየር የተገጠመለት የመኪና የድምፅ መሣሪያ ነው። ነገሩ ለመሐንዲስ እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በ132 ሺህ ቮልት የሚሠራ መስመር የሚነድፍ ባለሙያ ራሱ፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ታክሲ ሽቦ ያለ አንዳች ሒሳብ የተዘረጋ ሊሆን ይችላል።

ብዙ አምፕሊፋየር ስለምን አስፈለገ?

በቺካጎ የነበረው የጋልቪን ኩባንያ «ሞቶሮላ» የተባለውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1930 ነበር። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች ባትሪ 6 ቮልት ነበር፤ ወደ 12 ቮልት የተሸጋገሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ትራንዚስተር መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የፊሊፕስ ኩባንያ የካሴት ክርን አስተዋወቀ፤ ውሎ አድሮም ካሴቱ ወደ መኪና ገባ። ዛሬ ካሴቱ ቢቀርም በመኪና ፊት የሚገጠመው መሣሪያ በብዙ ሰው አፍ እስካሁን «ቴፕ» እየተባለ ይጠራል።

ቴፑ ብቻውን የሚያወጣው ኃይል ተፈጥሮአዊ ወሰን አለው። ሞተሩ ሲሠራ የሚገኘው ቮልት 14.4 ያህል ነው እንበል። ቴፑ ይህን ቮልት ሳያሳድግ በቀጥታ ከተጠቀመበት፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሊደርስ የሚችለው ንጹሕ የሳይን ሞገድ ኃይል፣ የ14.4 ስኩዌር ለ8 ሲካፈል የሚገኘው 26 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ቴፕ ሽፋን ላይ «50 ዋት» ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ ለቅጽበት የሚገኘውን ከፍተኛ መጠን የሚያመለክት እንጂ የዘወትሩን ኃይል አይደለም።

ይህን ወሰን ለማለፍ የውጭ አምፕሊፋየር ተሠራ። በውስጡ ያለው የኃይል ክፍል 12 ቮልቱን በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ በትራንስፎርመር ያሳድገዋል፤ ከዚያም አስተካክሎ ለማጉያው ክፍል ይሰጠዋል። አንድ አምፕሊፋየር ለመካከለኛውና ለቀጭኑ ድምፅ፣ ሌላው ለወፍራሙ ድምፅ ተለይቶ ሲመደብ ደግሞ እያንዳንዱ በጠባብ ሥራው የተሻለ ያገለግላል። በሠርግ አጃቢ መኪናዎች፣ በማስታወቂያ መኪናዎችና በአንዳንድ ሚኒባሶች ውስጥ ሁለትና ሦስት አምፕሊፋየር አብረው የሚገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እነዚህ ሁሉ ከአንድ ባትሪ እንዴት ይመገቡ የሚለው ነው።

የጅረቱ ሒሳብ

ለምሳሌ አንድ ሚኒባስ ይወሰድ። ባትሪው ከፊት ነው፤ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ከኋለኛው መቀመጫ ሥር ተቀምጠዋል፤ የፖዘቲቩ ሽቦ ርዝመት 5 ሜትር ነው። የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ባለ አራት ቻናል ሆኖ እያንዳንዱ ቻናል 75 ዋት፣ በድምሩ 300 ዋት ያወጣል። «ክላስ ኤቢ» የተባለው ዓይነት ስለሆነ ከሚወስደው ኃይል 55 በመቶውን ያህል ወደ ድምፅ ኃይል ይለውጣል እንበል። የሚወስደው 545 ዋት ይሆናል፤ በ13.8 ቮልት ሲካፈል 40 አምፔር ገደማ ነው። ሁለተኛው ለወፍራም ድምፅ የተመደበ 500 ዋት «ክላስ ዲ» ነው፤ ብቃቱ 80 በመቶ ቢሆን 625 ዋት፣ ማለትም 45 አምፔር ይወስዳል። ድምሩ 85 አምፔር ነው።

እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ሙዚቃ ዝቅና ከፍ የሚል እንጂ ሁልጊዜ በከፍተኛው ልክ የሚሄድ አይደለም፤ አማካዩ ጅረት ከከፍተኛው ሲሶ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። መቃወሚያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ድምፁ ሳይቆራረጥ ሲቀር ብቻ ነው። የአምፕሊፋየሩ የመግቢያ መጠን ከልክ በላይ ሲከፈት የሞገዱ ራስ ይቆረጣል፤ አማካዩም ወደ ከፍተኛው እየተጠጋ ይሄዳል። ይህ መቆጣጠሪያ የድምፅ መጨመሪያ ተደርጎ መወሰዱ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሥራው ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማመጣጠን ብቻ ነው። ሽቦ የሚመረጠው መሣሪያው በደንብ ለተያዘበት ቀን ሳይሆን ላልተያዘበት ቀን ነው።

የሽቦው ውፍረት

የመዳብ ሬዚስቲቪቲ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሜትር ርዝመትና ለአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስፋት 0.0172 ኦም ነው። ከላይ የተጠቀሰው 85 አምፔር በ5 ሜትር ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ውጤቱ እንደ ሽቦው ስፋት እንደሚከተለው ይሆናል።

ሽቦው 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቢሆን 1.2 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ከ100 ዋት በላይ ኃይልም በሽቦው ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ማለት አንድ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ምንጣፍ ሥር ተሸሽጓል ማለት ነው። ሽቦው 10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.73 ቮልት፣ 25 ቢሆን ደግሞ 0.29 ቮልት ብቻ ይጠፋል፤ በመጨረሻው ላይ የሚባክነው ሙቀት ወደ 25 ዋት ይወርዳል፤ እሱም በ5 ሜትር ላይ ተበትኖ በቀላሉ ይበርዳል። ስለዚህ ለዚህ ሚኒባስ ተገቢው ዋና ሽቦ 25 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ መለኪያ ቁጥር 4 የሚባለው ሽቦ 21 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቁጥር 8 ደግሞ 8.4 ያህል ስለሆነ፣ በገበያ ላይ ሁለቱን አለመደናገር ያስፈልጋል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። መልኩ መዳብ የሚመስል፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ በርካሽ ይሸጣል። ጅረት የማሳለፍ ችሎታው የንጹሕ መዳብ ሁለት ሦስተኛ እንኳ በሚገባ አይሞላም። ስለዚህ እኩል ሥራ እንዲሠራ ቢያንስ በአንድ ከግማሽ እጥፍ መወፈር ይኖርበታል። የፕላስቲኩ ሽፋን ውፍረትም የሽቦውን ውፍረት አይመሰክርም፤ ጫፉን ልጦ፣ በቢላ ፍቆ፣ ነጭ መሆኑንና አለመሆኑን ማየት ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ከዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ በአእምሮ እንዲቀር ቢፈለግ ይህ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው ፊውዝ አምፕሊፋየሩን የሚጠብቅ ይመስለዋል። በአምፕሊፋየሩ ሳጥን ላይ የተሰካው ትንሽ ፊውዝ በእርግጥ ለዚያ ያገለግላል። ዋናው ፊውዝ ግን የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ስለሆነም ቦታው ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ ነው።

ዋና ፊውዝ የሌለው 10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ተነሥቶ 5 ሜትር ተጉዟል እንበል። በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ባለው ላሜራ የሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት አልተደረገለትም። መኪናው በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የላሜራው ስለት የሽቦውን ሽፋን ጥቂት በጥቂት ይፍቀዋል። ጉዳት በዚህ ብቻ አይመጣም፤ ከኋላም የመቀመጫ ብሎን ሽቦውን ሊወጋው ይችላል። አንድ ቀን መዳቡ በኋለኛው ጫፍ በኩል ከቦዲው ጋር ተገናኘ። የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሚሊ ኦም፣ የሽቦው ደግሞ 8.6 ሚሊ ኦም ቢሆን፣ 12.6 ቮልት ለ18.6 ሚሊ ኦም ሲካፈል 677 አምፔር ይሆናል። በሽቦው ላይ ብቻ የሚፈጠረው ሙቀት 3,900 ዋት ያህል ነው።

ይህን ቁጥር ለመገንዘብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደው ኃይል ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ምጣዱ ሰፊ ሸክላ ሲሆን፣ ሽቦው ግን በአጠቃላይ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ መዳብ መሆኑ ነው። የመዳቡ ሙቀት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በየሰከንዱ ከ20 ዲግሪ በላይ እየጨመረ ይሄዳል። ተራው የፕላስቲክ ሽፋን ለዘወትር አገልግሎት የሚችለው 70 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ሾፌሩ ሽታውን ለይቶ መኪናውን ዳር እስኪያስይዝ ድረስ ሽፋኑ መቅለጥ ይጀምራል። ቁልፉን ማጥፋትም አይረዳም፤ ሽቦው በቀጥታ ከባትሪ የተነሣ ነውና።

ፊውዙ ከኋላ በአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቢቀመጥ በዚህ አደጋ ላይ ምንም ሥራ የለውም፤ ጅረቱ ወደ እርሱ ከመድረሱ በፊት መንገዱን አግኝቷልና። ከመንገድ ላይ የተሰነጠቀ የውሃ ቧንቧ በጫፉ ያለውን መክፈቻ በመዝጋት እንደማይቆም ሁሉ፣ የሽቦም መዝጊያ ከምንጩ ዘንድ መሆን አለበት። በሙያው የጸናው ደንብ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ከማይበልጥ ርቀት ላይ ይቀመጥ የሚል ነው። የፊውዙም መጠን የሚወሰነው ሽቦው ሊሸከም በሚችለው እንጂ ባለቤቱ በሚመኘው አይደለም። ለምሳሌው ሚኒባስ በ25 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 100 አምፔር ፊውዝ ይበቃል።

ከዋናው ሽቦ ወደ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች የሚከፈለው በማከፋፈያ ሳጥን ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ደንብ ይመጣል፤ ሽቦ በቀጠነበት ቦታ ሁሉ አዲስ ፊውዝ ይገባል። ከሳጥኑ ወደ እያንዳንዱ አምፕሊፋየር የሚሄደው ሽቦ 10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቢሆን የፊቱ የ100 አምፔር ፊውዝ እርሱን አይጠብቀውም፤ ስለዚህ ለየቅርንጫፉ 50 አምፔር ፊውዝ በሳጥኑ ውስጥ ይደረጋል። ሁለት ሽቦዎችን አጣምሞ በናስትሮ መጠቅለል ማከፋፈል አይባልም። ናስትሮ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቃል፤ የተጣመመው መዳብም በንቅናቄ እየላላ ይሄዳል፤ የላላ መገናኛ ደግሞ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ፊውዙን ሳያቃጥል ራሱ ይግላል። ፊውዝ ከልክ ያለፈ ጅረትን እንጂ የላላ ብሎንን አያይም፤ ያንን የሚያየው የሠራተኛው ዓይን ብቻ ነው።

የመመለሻው መንገድ

ጅረት የሄደውን ያህል ይመለሳል። በመኪና ውስጥ የሚመለሰው በላሜራው አካል ነው፤ በጋራዥ ቋንቋ «ቦዲ» የሚባለው ማለት ነው። ለፖዘቲቩ ሽቦ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው የኔጌቲቩን ጫፍ በቀለም ላይ በተጣበቀ ትንሽ ብሎን ሲያሥር ይታያል። ቀለም የማያሳልፍ ነገር ስለሆነ፣ ጅረቱ በብሎኑ ጥርስ ብቻ እየተጣበበ ያልፋል። ትክክለኛው አሠራር ቀለሙን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቆ፣ የገመዱን ጫፍ በወፍራም ብሎን አጥብቆ፣ በላዩ ላይ ዝገት የሚከላከል ቅባት መቀባት ነው። የኔጌቲቩ ሽቦ ከፖዘቲቩ አይቀጥንም፤ ርዝመቱም በተቻለ መጠን ከግማሽ ሜትር አይበልጥም። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲ የሚሄደው የፋብሪካው ሽቦም ለተጨመረው ጅረት ይበቃ እንደሆነ መታየት አለበት።

አምፕሊፋየሮቹ ከአንድ በላይ በሚሆኑበት ጊዜ ደግሞ ሁሉም በአንድ ነጥብ ላይ መታሠር አለባቸው። ምክንያቱም የሚከተለው ነው። ሁለቱ በተለያየ ቦታ ታሥረው፣ በአንደኛው መገናኛ ላይ 5 ሚሊ ኦም ብቻ ትርፍ ሬዚስታንስ ቢኖር፣ በ45 አምፔር ጊዜ በመካከላቸው ከ0.2 ቮልት በላይ ልዩነት ይፈጠራል። ከቴፑ የሚመጣው ምልክት በጣም ከፍ ሲል ጥቂት ቮልት፣ ዝግ ባለው የሙዚቃ ክፍል ደግሞ ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው። የምልክቱ ገመድ መሸፈኛ ሁለቱን አምፕሊፋየሮች ከቴፑ ጋር ስለሚያያይዝ፣ ይህ ልዩነት በመሸፈኛው ዞሮ ከምልክቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። የአንዳንድ አምፕሊፋየሮች መግቢያ ይህን በከፊል የሚያግድ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ መተማመኛ አይሆንም።

ውጤቱም ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር እየቀጠነ የሚጮኸው የታወቀው ፉጨት ነው። ምንጩ ዲናሞው ነው። የመኪና ዲናሞ በሦስት ፌዝ ሠርቶ በስድስት ዳዮድ ያስተካክላል። 6 ጥንድ ማግኔታዊ ዋልታ ያለው ዲናሞ በአንድ ዙር 36 ሞገዶችን ይተዋል። ሞተሩ በደቂቃ 1,200፣ ዲናሞው በቺንጋው ብዜት 3,000 ዙር ቢዞር፣ በሰከንድ 50 ዙር ሆኖ 1,800 ኸርዝ ፉጨት ይወለዳል፤ ይኸውም የሰው ጆሮ አጥርቶ የሚሰማው ክልል ነው። ብዙ ባለቤቶች ይህን ለማስወገድ ማጣሪያ ይገዛሉ። ነገር ግን በብዙ አጋጣሚ የሚያስፈልገው አንድ ንጹሕ የጋራ ብሎን ነው። ፉጨቱ የሙዚቃ ጠላት ብቻ ሳይሆን የሽቦ አሠራር መርማሪም ነው፤ የመመለሻው መንገድ መበላሸቱን አስቀድሞ ይናገራል።

የምልክቱና የማንቂያው ሽቦ

የምልክት ገመዶች ከኃይሉ ሽቦ ጋር በአንድ ጎን መሄድ የለባቸውም። የኃይሉ ሽቦ በግራ ከሄደ ምልክቱ በቀኝ ይሂድ፤ መገናኘታቸው ግድ በሚሆንበት ቦታ ተሻግረው በመስቀል ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይተኙ። ቴፑ ለየአምፕሊፋየሩ የተለየ መውጫ ከሌለው ምልክቱ ከመጀመሪያው አምፕሊፋየር ማሳለፊያ ወደ ሁለተኛው ሊወሰድ ይችላል።

አምፕሊፋየሮቹን የሚቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ ከቴፑ ይነሣል። ይህ መውጫ በጥቂት መቶ ሚሊ አምፔር የተወሰነ ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሮቹና የማቀዝቀዣ ነፋሻዎቹ ሲበዙ ቴፑ ራሱ ይቃጠላል። መፍትሔው አንድ ትንሽ ሪሌይ ነው፤ ቴፑ የሪሌዩን ጥቅል ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ሪሌዩ ደግሞ በራሱ ፊውዝ በኩል ለሁሉም ይሰጣል። በጥቅሉ ላይ አንድ ዳዮድ በተቃራኒ አቅጣጫ መደረጉ ሲጠፋ የሚወረወረውን ከፍተኛ ቮልት ይገታል።

የስፒከሮቹ ኦምም የሽቦው ጉዳይ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሠሩ 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲታሠሩ 8 ኦም ይሆናሉ። ሁለት ቻናል ተዋሕዶ አንድ ስፒከር በሚነዳበት ጊዜ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የስፒከሩን ኦም ግማሽ ብቻ ነው። ይህ ሲዘነጋ አምፕሊፋየሩ ይግላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀትን በዝግታ ይወስዳል። አምፕሊፋየርን በምንጣፍ ሸፍኖ ማስቀመጥ እዚህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይጎዳል።

ምንጩ ራሱ

ሽቦው በሚገባ ቢዘረጋም ምንጩ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው። የብዙ አነስተኛ መኪናዎች ዲናሞ 60፣ 70 ወይም 80 አምፔር የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ይህ ግን በፈጣን ዙር የሚገኘው ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግማሹን ያህል ብቻ ሊሰጥ ይችላል። የምሳሌው ሚኒባስ ማታ ተራ ይዞ ቆሟል እንበል። መብራቶቹና ሌሎቹ ዕቃዎች 15 አምፔር፣ ሙዚቃው በአማካይ 30 አምፔር ይወስዳሉ፤ ዲናሞው 35 ቢሰጥ ጉድለቱ 10 አምፔር ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ 30 አምፔር ሰዓት ከባትሪው ይወጣል፤ የባለ 60 ባትሪ ግማሽ ማለት ነው። በየጊዜው እስከ ግማሹ እየወረደ የሚሞላ የመኪና ባትሪ ዕድሜው ያጥራል፤ ባለቤቱ ግን ባትሪ ሻጩን ይወቅሳል።

አንዳንዶች ለዚህ ባለ አንድ ፋራድ ካፓሲተር ይገዛሉ። ካፓሲተሩ ከ14 ወደ 12 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል 26 ጁል ብቻ ነው፤ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች በሙሉ ኃይል ሲሠሩ ይህን በሰከንድ አርባኛ ክፍል ውስጥ ይጨርሱታል። ለአጭር ምት ሊያግዝ ይችላል፤ የጎደለውን ዲናሞና የቀጠነውን መዳብ ግን አይተካም።

የነገው መኪና

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲበዙ የድምፅ መሣሪያ ሥራም ወደ እነርሱ ይሻገራል። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ዲናሞ የለም፤ 12 ቮልቱ የሚመጣው ከትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ በኩል ነው፤ የመቀየሪያውም አቅም የተወሰነ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በወለሉ ሥር በመቶዎች የሚቈጠር ቮልት የሚሸከሙ፣ ዘወትር በብርቱካን ቀለም የተለዩ ገመዶች ይሄዳሉ። «አሥራ ሁለት ቮልት አይገድልም» እያለ ያደገ እጅ፣ አምፕሊፋየር ለማሠር በዚያው ወለል ላይ ብሎን ቢበሳ፣ የሚያገኘው አሥራ ሁለት ቮልት አይሆንም። ትናንት ግማሽ እውነት የነበረው አነጋገር በነገው መኪና ላይ ለሠራተኛው ራሱ ጠንቅ ይሆናል።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

ይህ ሁሉ ሲባል የጋራዡን ሠራተኛ ለመውቀስ አይደለም። አብዛኛው ሥራውን የተማረው ከታላቁ እጅ እያየ ነው፤ እጁም ብዙ ጊዜ ከመሐንዲሱ እጅ ይልቅ የተካነ ነው። የጎደለው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ያለው በዚህ አዳራሽ በተሰበሰቡት ሰዎች ዘንድ ነው። የኦምን ሕግ የማያውቅ አባል እዚህ የለም። ነገር ግን ሕጉ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሲቀር የታክሲውን ሽቦ አያበርደውም።

ስለዚህ ማኅበሩ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ትንሽ ሥራ አለ። ይኸውም በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው፤ በአንዱ ዓምድ የአምፕሊፋየሮቹ ድምር አምፔር፣ በሁለተኛው የሽቦው ርዝመት፣ በሦስተኛው የመዳቡ ስፋት፣ በአራተኛው የፊውዙ መጠን ይጻፍበት። ከሥሩም አራት ማሳሰቢያዎች ይኑሩ፤ ሥራ ሲጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ቀድሞ ይፈታ፣ ሥራ ሲያልቅም መጨረሻ ይታሠር፤ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር አይራቅ፤ ላሜራ የሚያልፍ ሽቦ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑረው፤ አምፕሊፋየሮች ሁሉ በአንድ ንጹሕ ነጥብ ይታሠሩ። በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜም ፍሬንና መብራት እንደሚታዩ ሁሉ፣ ከባትሪ የተነሣ ተጨማሪ ሽቦ ፊውዝ ያለው መሆኑ ቢታይ፣ መርማሪው የሚያጠፋው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ፊውዝ ዋጋው ከማናቸውም አምፕሊፋየር ያነሰ ነው፤ ድምፅም አይጨምርም፤ ባለቤቱ ለወዳጆቹ የሚያሳየው ጌጥም አይደለም። የሚገዛው፣ ያወቀ ሰው አስቀድሞ የነገረው ባለመኪና ብቻ ነው። ያንን የመንገሩ ግዴታ ደግሞ በዚህ ጉባኤ በተቀመጡት ባለሙያዎች ላይ ይወድቃል።